ፉስካ በአንድ ፎቶ አትታወቅም፦ ስለ ሜዲትራኒያን የዱር ኦርኪድ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኦፍሪስ ፉስካን በአንድ ፎቶ መለየት» በሚል ርዕስ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ጋር ደርሷል። የታሰበው በእስራኤል፣ በጣሊያን፣ በግሪክና በቆጵሮስ ለሚኖሩ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ኮረብታ ወጥተው አበባ ፎቶ ለሚያነሱ ሰዎች ነው። ስለ ሜዲትራኒያን ኦርኪድ በአማርኛ የሚጽፍ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ጸሐፊው ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ጽሑፉን አምኖ ሜዳ የወጣ ሰው በአንድ ቀን አምስት ስም ሰጥቶ ሊመለስ ይችላል፤ ከአምስቱ አንዱም ላይጸና ይችላል።

ኦፍሪስ የዱር ኦርኪድ ጂነስ፣ ማለትም የተዛመዱ ዝርያዎች ወገን፣ ናት፤ ፉስካ፣ ሉቴያ፣ ቢሉኑላታና ኢሪኮሎር በውስጧ ያሉ ስሞች ናቸው። የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። የከንፈሯ፣ ማለትም ከታች የተዘረጋው ትልቁ የአበባ ቅጠል፣ ቢጫ ጠርዝ ሰፊ ከሆነ ሉቴያ፣ ጠባብ ከሆነ ቢሉኑላታ፣ ከሌለ ፉስካ ናት። ከንፈሯ ከ13 ሚሊ ሜትር ካነሰ ከትንንሾቹ ዝርያዎች፣ ከበለጠ ከትልልቆቹ ትመደባለች። ሰማያዊ ካብለጨለጨች ኢሪኮሎር ናት። የቀረውን የምታብብበት ወርና አገሩ ይወስናሉ። ተክል የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ለአንድ ስም ከ90 በመቶ በላይ ከሰጠ ነገሩ አለቀ። ንብ ሲያርፍባት ካያችሁ የንቡ ስም የአበባዋን ስም ይሰጣችኋል። ይህም ካልበቃ ሥሯን ቆፍሮ ማየት ወይም ዲኤንኤ ማስመርመር ነው። እያንዳንዱን እናያለን፤ አንዳንዱ ሰፊ መልስ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል።

ከዚያ በፊት ስለ አበባዋ ጥቂት። ኦፍሪስ ለንብ የምትሰጠው ማር የላትም። ከንፈሯ በመልኩም በጸጉሩም ከሁሉ በላይ ደግሞ በጠረኑ ሴቴ ንብን ይመስላል። ወንዴው ሊገናኛት ሲታገል የብናኝ ከረጢቶቿ ሰውነቱ ላይ ተጣብቀው ወደሚቀጥለው አበባ ይዟቸው ይሄዳል። ይህ በ1916 እ.ኤ.አ. ከአልጄሪያ በተገኘ ምልከታ ላይ ተመሥርቶ ለዓለም ተገለጠ። ፉስካን ግን ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊንክ ከፖርቱጋል በተገኘ ናሙና በ1800 አካባቢ ሰይሟታል። ዛሬ በዚያ አንድ ስም ዙሪያ ከሞሮኮ እስከ ሊባኖስና እስራኤል ድረስ ብዙ አዳዲስ ስሞች ተደርድረዋል፤ ቀርጤስ ላይ ብቻ ክሬቤሪማ፣ ክሬቲኮላ፣ ክሬሳ፣ ሲኔሬኦፊላ፣ ትሪፕቲየንሲስ የሚባሉ አሉ። ጂነሱን በሙሉ ከ10 ባልበለጡ ዝርያዎች የሚጠቀልሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ከ300 በላይ የሚቆጥሩም አሉ። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ቀላል ጉድለት አይደለም። አንባቢው የትኛውን ሚዛን ይዞ እየመዘነ እንደሆነ ሳያውቅ «ትክክለኛውን ስም» እንዲፈልግ ይላካል።

ጽሑፉ በትክክል የያዘው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ማጽደቅ ይገባል። የፉስካን ሰፊ ቡድን ከኦሜጋይፌራ ቡድን ለመለየት የከንፈሩን ሥር ተመልከቱ ይላል። ልክ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከንፈሩ ከአበባዋ መሐል የሚነሳበትን ቦታ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ብታዩ፣ በፉስካ ላይ ሁለት ያበጡ ትከሻዎችና በመካከላቸው የቪ ቅርጽ ያለው ቦይ ይታያል። በኦሜጋይፌራ ላይ ቦዩ የለም፤ ሥሩ ለስላሳ ነው፣ ከንፈሩም ከመነሻው ጀምሮ እንደ ቀስት ጎብጦ ይወርዳል። ይህን ምልክት ግን ከፊት የተነሳ ፎቶ አያሳይም። የጽሑፉ ርዕስና የጽሑፉ ምርጥ ምክር እዚህ ላይ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«ቢጫው ጠርዝ ይወስናል»

አይወስንም፤ ቢያንስ ብቻውን። ሉቴያ ሰፊና ጸጉር አልባ ቢጫ ጠርዝ እንዳላት እውነት ነው። ነገር ግን ሉቴያን ሉቴያ የሚያደርጋት ከጠርዙ ጋር አብሮ የሚመጣው የከንፈሩ ሥር ነው፦ ከጎን ሲታይ ከንፈሩ እንደተነሳ ወዲያው ታጥፎ ወደ ፊት ይዘረጋል። ጠርዙ ሰፊ፣ ሥሩ ግን ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚነሳ ከሆነ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምናልባት የፉስካና የሉቴያ ዲቃላ ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ኮረብታ ላይ አብረው ሲያብቡ መዳቀላቸው የታወቀ ነው። ዲቃላን የምትጠረጥሩ ከሆነ ሁለቱ ወላጆች በአቅራቢያ መኖራቸውን አረጋግጡ። እንዲህ ያሉ ተክሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ሆነው በወላጆቻቸው መካከል ነው የሚገኙት። መላው ሜዳ በመካከለኛ መልክ ከተሞላ ግን ነገሩ የአንድ ቀን ዲቃላ አይደለም፤ ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ጠባቡ ጠርዝ ላይ ስህተቱ ይብሳል። በፉስካ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር መኖር አለመኖሩ የአበባዋ ዕድሜ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አበባዋ በተከፈተች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የከንፈሩ ጎኖች በመጠኑ ተዘርግተው መስመሩን ያሳያሉ። ቀናት ሲያልፉ ጎኖቹ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ፤ ከፊት የሚያይ ሰው ያኔ ቡናማ ከፋይ እንጂ ቢጫ ነገር አያይም። በጽሑፉ ሕግ መሠረት ይህች አንዲት አበባ ሰኞ ቢሉኑላታ፣ በሳምንቱ ደግሞ ፉስካ ትሆናለች ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከንፈሩን ከፊት፣ ከጎንና ከታች ማየት። ከታች ለማየት ቀጭን የሳር ዘንግ ከከንፈሩ ጫፍ ስር አስገብቶ በዝግታ ማንሳት ይበቃል፤ በጣት መቆንጠጥ ጸጉሩን ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶም ለማንም አይጠቅምም።

«ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ትንሿ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ትልቋ»

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥር ሲያይ ነውና።

መጀመሪያ፣ የትኛው አበባ ነው የሚለካው? በአንድ ዘንግ ላይ አበቦቹ ከታች ወደ ላይ እየተከፈቱ ይሄዳሉ፤ የላይኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኞቹ ያንሳሉ። አንዱ የታችኛዋን ለክቶ 14፣ ሌላው የላይኛዋን ለክቶ 12 ቢያገኝ በጽሑፉ ሕግ አንድ ተክል ሁለት ዝርያ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከታች ሁለተኛዋን፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተችውንና ያልጠወለገችውን አበባ ለኩ፤ በሁሉም ተክል ላይ አታቀያይሩ።

ሁለተኛ፣ ከንፈሩ ጠፍጣፋ አይደለም። ርዝመቱ በቅስቱ ተከትሎ ሲለካ እና ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ ሲለካ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ስፋቱ ደግሞ ጎኖቹ ተጠቅልለው ሳሉ እና ተዘርግተው ሲለኩ ይበልጥ ይራራቃል። የምትጠቀሙበት የመለያ መጽሐፍ የትኛውን ልኬት እንደሚከተል መግቢያው ላይ ወይም ሥዕሉ ላይ ይገኛል፤ ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ መውሰድ ሁለት የተለያየ መስፈሪያ ማወዳደር ነው። እናንተም ስትመዘግቡ «ሳይዘረጋ፣ በቀጥታ» ወይም «ተዘርግቶ» ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛ፣ በፎቶ ላይ መለካት። ጽሑፉ ማስመሪያውን «ከአበባዋ አጠገብ» አድርጉ ይላል። አጠገብ ማለት አይበቃም፤ ከከንፈሩ ጋር እኩል ርቀት ላይ መሆን አለበት። ስልኩ ከአበባዋ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ማስመሪያው ደግሞ ከአበባዋ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ አበባዋ ከማስመሪያው አንጻር 10 በመቶ ያህል ገዝፋ ትታያለች። 13 ሚሊ ሜትር የነበረው ከንፈር 14.3 ሆኖ ይነበባል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝርያ በሚቀይርበት ሕግ ይህ ስህተት ብቻውን ስም ይለውጣል። ስልኩን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ 2 እጥፍ አቅርባችሁ ብታነሱ፣ በዚያው የማስመሪያ አቀማመጥ ስህተቱ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። የሰፊ ማዕዘን ሌንሱን ለዚህ ሥራ ጨርሶ አትጠቀሙበት። ከሁሉ የሚሻለው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ማስመሪያ ወይም ፕላስቲክ ካሊፐር ይዞ እዚያው ለክቶ መጻፍ ነው።

አራተኛውና ዋናው፣ አንድ ልኬት የሕዝብ ልኬት አይደለም። እንበል አንድ ዳገት ላይ 12 ተክሎች ለካችሁ፤ ውጤቱ 11.5፣ 12፣ 12፣ 12.5፣ 12.5፣ 13፣ 13፣ 13፣ 13.5፣ 14፣ 14.5፣ 15.5 ሆነ። ይህ ዓይነት ስርጭት አንድ ጉብታ ያለው፣ አማካዩ 13 አካባቢ የሆነ አንድ ስብስብ ነው። የጽሑፉ መስመር ግን ልክ መሐሉን ይሰነጥቀዋል፤ አምስቱን «ትንሽ»፣ አራቱን «ትልቅ» ይላል፣ 13 ላይ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ። ሁለት ዝርያ በእውነት አብሮ ካለ ስርጭቱ ሁለት ጉብታ ያሳያል፤ ከዚያም ትንንሾቹ በሌላ ምልክት፣ ለምሳሌ በሚያብቡበት ጊዜ ወይም በከንፈሩ አቀማመጥ፣ አብረው ሊለዩ ይገባል። አንድ ምልክት ብቻውን ለሁለት ሲከፈል አትመኑት፤ ሁለት ሦስት ምልክት አንድ ቦታ ላይ አብሮ ሲከፈል ግን ልብ በሉ። ዝናብ ያነሰበት ዓመትም መላውን ዳገት ሊያሳንስ ስለሚችል የአንድ ዓመት ቁጥር ላይ ስም አትገንቡ።

ሰማያዊው መስታወት

በከንፈሩ መሐል ያለው ጸጉር አልባ፣ የሚያንጸባርቅ ቦታ በዘርፉ መስታወት ይባላል። ኢሪኮሎር ላይ መስታወቱ እንደ ርግብ አንገት የሚለዋወጥ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ሰማያዊ ሁሉ ኢሪኮሎር ነው ይላሉ። አዲስ የተከፈተች ፉስካም ግን ሰማያዊ የሚያጠላበት መስታወት ሊኖራት ይችላል፤ እያደር ወደ ግራጫና ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይወርዳል። በተጨማሪም ካሜራ ይዋሻል፦ በጥላ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ግራጫውን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ፍላሽ ደግሞ ማንኛውንም መስታወት ያበራዋል። ነጭ ወረቀት ወይም ግራጫ የቀለም ካርድ በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አስገቡ፤ ቀለሙን በኋላ ማስተካከል የሚቻለው ያኔ ነው። አበባዋን በራሳችሁ ጥላ ሸፍናችሁ አንድ፣ በብርሃን ደግሞ አንድ አንሱ።

ለኢሪኮሎር ከመስታወቱ የሚበልጠው ምልክት የከንፈሩ ታችኛው ገጽ ነው። በኢሪኮሎር ይህ ገጽ ወደ ቀይ ወይም ሐምራዊ ያደላል፤ በተለመደችው ፉስካ አረንጓዴ ወይም ቢጫ አረንጓዴ ነው። መጠኑም ይረዳል፤ ኢሪኮሎር ከቡድኑ ትልልቅ ከንፈር ካላቸው አንዷ ናት። ያም ሆኖ መካከለኛ ቀለም ያላቸው ተክሎች አሉ፤ እነዚያን በግድ ወደ አንዱ ወገን መግፋት አያስፈልግም። በሰርዲኒያ ደግሞ ኤሌኦኖሬ የምትባለው የኢሪኮሎር ቅርብ ዘመድ ስላለች፣ በዚያ ደሴት ላይ «ቀይ ታችኛ ገጽ፣ ሰማያዊ መስታወት» ብቻውን ወደ ምሥራቁ ኢሪኮሎር አያደርስም።

ወርና አገር

ጽሑፉ «በፌብሩዋሪ ያበበች ይህች ናት፣ በኤፕሪል ያበበች ያቺ ናት» የሚል ሰንጠረዥ አቅርቧል። የፉስካ ሰፊ ቡድን ቆላውና ደቡቡ ላይ ገና በጃንዋሪ ሲያብብ፣ ሰሜንና ተራራው ላይ እስከ ሜይ ይዘልቃል። እንደ ሻካራ ስሌት በ100 ሜትር ከፍታ ልዩነት ማበቡ ሦስት አራት ቀን ይዘገያል ቢባል፣ ከባሕር ዳርቻ እና ከ700 ሜትር ተራራ መካከል ሦስት ሳምንት ከዚያም በላይ ልዩነት አለ። ወደ ሰሜን የዞረ ዳገትና የጥድ ጥላም የራሳቸውን ይጨምራሉ። የማበቢያ ጊዜ ጥቅም የሚሰጠው አንድ ቦታ ላይ፣ ባንድ ከፍታ፣ ባንድ ዓመት ውስጥ ሲነጻጸር ነው። አንድ ሜዳ ላይ ቀደምቶቹ ፍሬ ይዘው ሳለ ሌሎቹ ገና እንቡጥ ከሆኑ፣ ይህ በእርግጥ ሊመዘገብ የሚገባው ነገር ነው። ከሲሲሊ የተወሰደ ወር ለገሊላ ግን አይሠራም።

አገር ላይ ያለው ክርክር ደግሞ እስራኤል ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ጽሑፉ በቀርሜሎስና በገሊላ የምትገኘውን ቡናማ ከንፈር ያላትን ሁሉ «ፉስካ» ብሏል። በዚያ አካባቢ ለረጅም ጊዜ በፉስካ ስም ስትመዘገብ የቆየችው ተክል በ1988 እስራኤሊቲካ ተብላ ተለይታ ተገልጻለች፤ ከዚያ በኋላ አንዳንድ ተመራማሪዎች ከፉስካ ይልቅ በኦሜጋይፌራ ስር እንደ ንዑስ ዝርያ አስቀምጠዋታል። በቆጵሮስም ትገኛለች። በዕብራይስጥ የእነዚህ ሁሉ የጋራ መጠሪያ ዲቮራኒት ስለሆነ፣ የአካባቢ ሰው «ዲቮራኒት ናት» ቢላችሁ ጂነሱን ነገራችሁ እንጂ ከዚያ አላለፈም። ጸሐፊው ራሳቸው የመከሩትን የከንፈር ሥር ምርመራ እዚህ አገር ላይ ቢያውሉት ኖሮ ለ«ሁሉም ፉስካ» ሕጋቸው ባልቸኮሉ ነበር።

«መተግበሪያው 92 በመቶ ካለ»

የስልክ መተግበሪያ የሚሰጠው መቶኛ ማለት ከሚያውቃቸው ስሞች መካከል ፎቶው ለየትኛው ይቀርባል የሚል ነጥብ ነው። ስሙ በተማረበት ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ሊጠቁመው አይችልም፤ ያለውን የቅርብ ዘመድ በከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል። የተማረባቸው ፎቶዎች ደግሞ ሰዎች ስም የሰጧቸው ናቸው፤ ሰዎቹ መተግበሪያውን አምነው ስም ከሰጡ ስህተቱ ዞሮ ወደ ራሱ ይገባል። ጂነሱን ለማግኘት መተግበሪያው ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቡድኑንም ያገኛል። ከዚያ በታች ያለውን ስም ግን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዱት። ምልከታ በሚመዘገብበት በአይናቹራሊስት ድረ ገጽ ላይ መለያችሁን በጂነስ ወይም በቡድን ደረጃ ማቆም ይቻላል፤ ማንም አይቀጣችሁም። ትክክለኛ ቦታውንም ደብቁ፦ የቦታ ምስጢር ምርጫውን «የተደበቀ» ብታደርጉት በካርታው ላይ ነጥቡ በ0.2 ዲግሪ ሳጥን ውስጥ ይበተናል፣ ሳጥኑም ከሰሜን ወደ ደቡብ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦርኪድ የሚቆፍር ሰው ካርታ ማንበብ ያውቃልና።

ንቡ

ይህ የጽሑፉ በጣም የሚስብና በጣም የሚያሳስት ክፍል ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ ያሉ ብዙ ስሞች በእርግጥ የተመሠረቱት በየትኛው ንብ እንደሚራከቡ በተደረገ ጥናት ነው፦ ሉፐርካሊስ በአንድሬና ኒግሮኤኔያ፣ ቢሉኑላታ በአንድሬና ፍላቪፐስ፣ ኢሪኮሎር በአንድሬና ሞሪዮ። አበባዋ የምትለቃቸው የሰም ውህዶች፣ በተለይ አልኬንና አልካን የሚባሉት ሃይድሮካርቦኖች፣ ከሴቴዋ ንብ ጠረን ጋር እንደሚመሳሰሉ በሌላዋ ኦፍሪስ፣ በስፌጎደስ ላይ፣ በ1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እስካሁን ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ከዚህ ተነስቶ «ንቡን ካወቅህ አበባዋን አወቅህ» ማለት ግን አይቻልም። ከላይ የተጠቀሰው አንድሬና ኒግሮኤኔያ ስፌጎደስንም ሉፐርካሊስንም ይጎበኛል፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ የሩቅ ናቸው። የሚለያቸው ንቡ የሚቀመጥበት አቅጣጫ ነው፦ በስፌጎደስ ላይ ጭንቅላቱን ወደ አበባዋ መሐል አድርጎ ስለሚያርፍ ብናኙ ግንባሩ ላይ ይጣበቃል፤ በፉስካ ቡድን ላይ ዞሮ ሆዱን ወደ መሐል ስለሚያደርግ ብናኙ የሆዱ ጫፍ ላይ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ንብ ስታዩ መጀመሪያ የምትጽፉት የንቡን ስም ሳይሆን አቅጣጫውን ነው። ጭንቅላቱ ወዴት ነው? ብናኝ ይዟል? የት ላይ? ለመገናኘት ይታገላል ወይስ ዝም ብሎ አርፏል? ፀሐይ የሚሞቅ ንብ ምስክር አይሆንም። የንቡን ስም በተመለከተ፣ የአንድሬና ወንዴዎች በስልክ ፎቶ አይለዩም፤ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የሚያያቸው ናሙና ያስፈልጋል። ንብ ካላያችሁም አትደነቁ። በስፌጎደስ ላይ እንደታየው፣ ተራክቦ የተፈጸመባት አበባ ወንዴዎችን የሚያርቅ ሌላ ጠረን ትጨምራለች።

ዲኤንኤ

የፉስካ ቡድን ከሌሎቹ የኦፍሪስ ቡድኖች በዲኤንኤ በደንብ ይለያል። በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ስሞች ግን የተለመዱት አጭር የዲኤንኤ መለያዎች አይለዩዋቸውም። በ2008 የታተመ ሰፊ ጥናት ጂነሱ ውስጥ 10 ቡድኖችን ነበር የለየው፤ በ2018 ብዙ የጂኖም ነጥቦችን ያነጻጸረው ደግሞ 9። ለቤተ ሙከራ ገንዘብ ከፍሎ አንድ ቅጠል የሚልክ ሰው «የፉስካ ቡድን» የሚል መልስ ይመለስለታል፤ ይህን በአጉሊ መነጽር በነጻ ማግኘት ይችል ነበር። የክሮሞሶም ቁጥር ላይ ትንሽ ተስፋ አለ፦ አብዛኛዎቹ 36 ሲኖራቸው በምዕራቡ በኩል ቁጥሩ እጥፍ የሆነባቸው የፉስካ ዘመዶች ተገኝተዋል። ያ ግን የተመራማሪ ሥራ ነው።

ቆፍሮ ማየት

ይህን ምክር ከጽሑፉ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ጸሐፊው «ጥርጣሬ ካለ ሥሯን አውጥታችሁ ቅርጹን እዩ፣ ከዚያ መልሳችሁ ትከሉ» ይላሉ። ኦፍሪስ ሁሉ ከመሬት በታች ሁለት ክብ ወይም የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ያልተከፋፈሉ ድንች መሰል ሥሮች አሏት፦ አንደኛው የዘንድሮውን አበባ እየመገበ የሚሟሽሽ፣ ሌላኛው ለሚመጣው ዓመት የሚሞላ። በፉስካና በኢሪኮሎር፣ በሉቴያና በኦሜጋይፌራ መካከል በዚህ አይለይም። የሥር ቅርጽ የሚጠቅመው እንደ ዳክቲሎራይዛ ያለውን ባለ ጣት ሥር ከሌላ ጂነስ ለመለየት ነው፤ ያ ደግሞ በአበባዋ ላይ በግልጽ ይታያል። በአበባዋ ወቅት መንቀል ማለት አሮጌው እየተሟሸሸ፣ አዲሱ ገና ሳይሞላ ተክሏን መቁረጥ ነው። መልሶ መትከሉም አብሯት የሚኖረውን የፈንገስ ድር አይመልስም።

ሕጉም አለ። በእስራኤል የዱር ኦርኪድ መንቀልም መቁረጥም ክልክል ነው፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮችም እንዲሁ። ኦርኪድ በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ ድንበር ማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። በእስራኤልና በገልፍ አገሮች የሚኖር ሰው የሚያውቀው ሳህለብ (ትኩስ መጠጥ የሚሠራበት ዱቄት)፣ እውነተኛው ከሆነ፣ ከእንዲህ ያሉ ሥሮች የሚፈጭ ነው፤ አንድ ኪሎ ደረቅ ዱቄት ለማግኘት ከ1,000 በላይ ሥር ይነቀላል። ከዚህ ጫና ጋር የሚኖር ተክል ላይ «ለማወቅ ያህል» መቆፈርን መጨመር ምንም አያስረዳም።

ታዲያ ሜዳ ላይ ምን ይደረግ

መጀመሪያ ጂነሱ፦ ከከንፈሩ ጀርባ ጅራት የመሰለ ከረጢት የለም፣ ከንፈሩ ከፋይ ይመስላል። ከዚያ ቡድኑ፦ ሦስቱ ውጫዊ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ወደ ፊት የወጣ ትንሽ ምላስ የለም፣ መስታወቱ ከከንፈሩ ሥር ጀምሮ ለሁለት ተከፍሎ ይወርዳል። ውጫዊዎቹ ቅጠሎች ሮዝ ከሆኑ ወይም ጫፉ ላይ ምላሱ ካለ ሌላ ቡድን ውስጥ ናችሁ፤ ፉስካን እዚያ አትፈልጉ። ቀጥሎ የከንፈሩ ሥር፦ ቦይ አለ ወይስ የለም፣ ከጎን ሲታይ ይታጠፋል ወይስ ቀጥ ይላል። ከዚያ የታችኛው ገጽ ቀለም። እነዚህ አራቱ ካልተመለሱ ሚሊ ሜትር መቁጠር ቦታው አይደለም።

ፎቶ ከአንድ ተክል ቢያንስ ስድስት፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ወደ ከንፈሩ ሥር፣ የከንፈሩ ታችኛ ገጽ፣ መላው ተክል ከቅጠሎቹ ጋር፣ አካባቢው። ልኬት ከ10 እስከ 15 ተክል፣ ከእያንዳንዱ አንድ አበባ፣ እርስ በርስ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር የተራራቁ ይሁኑ፤ ተጠጋግተው የቆሙት ከአንድ ተክል የተከፈሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲራመዱ የእግር መንገድ አትልቀቁ፤ አበባ ያላወጡት የዘንድሮ ቅጠሎች መሬት ላይ ተለጥፈው ስለሚገኙ በቀላሉ ይረገጣሉ። አፈሩን (የኖራ ድንጋይ ነው?)፣ አቅጣጫውን፣ ከፍታውን፣ ምን ከምን ጋር እንደሚበቅል (ጦስኝ፣ ወይራ፣ ጥድ) ጻፉ።

መዝገቡ ደግሞ ይህን ይመስላል፦ «ኦፍሪስ፣ የፉስካ ቡድን። የከንፈር ሥር ባለ ቦይ፣ ሳይታጠፍ የሚነሳ። የከንፈር ታችኛ ገጽ ቢጫ አረንጓዴ። ከንፈር ሳይዘረጋ በቀጥታ 11.5–15.5 ሚ.ሜ.፣ አማካይ 13፣ 12 ተክል፣ ከታች ሁለተኛ አበባ። ጠርዝ ቀጭን ቢጫ፣ በአሮጌ አበባ ላይ የተደበቀ። የወይራ እርሻ ዳር፣ 300 ሜትር፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ዳገት። ፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ ከአምስት ተክል አንዱ ገና እንቡጥ። ሉቴያ በ20 ሜትር ርቀት አለች፤ ሁለት መካከለኛ ተክሎች ለብቻ ተለክተዋል።» ከዚህ ውስጥ የዝርያ ስም የለም። ነገር ግን ቢሉኑላታ፣ ሉፐርካሊስ ወይም ሌላ ነው ብሎ ከሚከራከር ባለሙያ ጋር ይህን ይዞ መቀመጥ ይቻላል፤ «92 በመቶ» ይዞ ግን አይቻልም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያድሱት ከሆነ የ13 ሚሊ ሜትሩን መስመር በስርጭት ይተኩት፣ የወሩን ሰንጠረዥ ከፍታ ይጨምሩበት፣ የንቡን ክፍል አቅጣጫውን አስቀድመው ይጻፉት። የቁፋሮውን አንቀጽ ግን እድሳቱን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ያውጡት፤ በሚመጣው የጃንዋሪ አበባ ወቅት እሱን አንብቦ የሚቆፍር ሰው እንዳይኖር።